ፉል ፍሬም ወይስ ክሮፕ? የዕቁብ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት

ዛሬ ፖለቲካ የለም፤ አንድ ቀን እንረፍ። ብዙዎቻችሁ ለራሳችሁ ካሜራ ልትገዙ፣ አንዳንዶቻችሁም ሀገር ቤት ላለ ወንድም ወይም እህት ልትልኩ አስባችሁ "ፉል ፍሬም ይሻላል ወይስ ክሮፕ?" እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። በቪዲዮ ሁለት ደቂቃ አወራሁበት፤ ሁለት ደቂቃ ግን አይበቃውም። አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ የፎቶ ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ታክሲ ነጂ ነኝ። የማውቀውን ያወቅኩት ፍራንክፈርት ዋናው ባቡር ጣቢያ ተራ ስጠብቅ በማንበብ ነው፣ የቀረውን ደግሞ ገንዘብ በማጥፋት።

ያጠፋሁትን ልንገራችሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት ዕቁብ ወጣልኝ። ያን ጊዜ የምሠራባት ካሜራ ሶኒ ኤ6400 ነበረች፣ ክሮፕ የሚባለው ዓይነት። እሷን ጎንደር ሠርግ እየቀረጸ ለሚተዳደረው ታናሽ ወንድሜ ላክሁለትና ለራሴ ያገለገለ ሶኒ ኤ7-3 ገዛሁ፣ ፉል ፍሬም። "አሁን ገና ቻናል ሆነ!" አልኩ። የመጀመሪያውን ቪዲዮ ስለቅ ልዩነቱን ያየ ሰው የለም። አንድ ወዳጄ ብቻ ደውሎ "ድምፅህ ያስተጋባል፣ ባዶ ክፍል ውስጥ ነህ እንዴ?" አለኝ።

እንግዲህ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ካሜራ ውስጥ በድሮው ፊልም ቦታ የተቀመጠ፣ ብርሃን የሚቀበል ሰሌዳ አለ፤ ሴንሰር ይሉታል። ፉል ፍሬም የሚባለው 36 በ24 ሚሊሜትር ነው። ክሮፕ ወይም ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው በሶኒ፣ በኒኮንና በፉጂ ወደ 23.5 በ15.6 ነው፣ በካኖን ትንሽ ያንሳል። ስፋታቸውን ብታሰሉት ትልቁ የትንሹን 2.3 እጥፍ ያህል ነው። የሁለቱ ልዩነት በቃ ይሄ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ የሚመጣ ነው።

ሌንስ የሚጥለው ምስል ክብ ነው፣ ልክ እንደ እንጀራ። ሴንሰሩ ከዚያ ክብ እንጀራ ላይ አራት ማዕዘን ቆርጦ የሚያነሳ ቢላ በሉት። ፉል ፍሬም ሰፋ አድርጎ ይቆርጣል፤ ክሮፕ መሀሉን ብቻ ይቆርጣል፣ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ስለዚህ በ50 ሚሊሜትር ሌንስ ፉል ፍሬም ላይ ሙሽሪትንና ሚዜዋን አንድ ላይ የምታነሱ ከሆነ፣ ከዚያው ቦታ በዚያው ሌንስ በክሮፕ ስታነሱ 75 ሚሊሜትር ሌንስ የገጠማችሁ ይመስላል፣ ሚዜዋ ግማሽ ትቀራለች። 1.5 እጥፍ የሚሉት ይሄንን ነው (በካኖን 1.6)። ቦታው ጠባብ ከሆነ ጣጣ ነው፤ ከሩቅ ኳስ ወይም ወፍ ለሚያነሳ ሰው ግን በረከት ነው።

"ፉል" የሚለው ቃል ግን አያታልላችሁ። ጀርመኖች ዛሬ ፎልፎርማት ቢሉትም የጥንቱ ስሙ ክላይንቢልድ ነው፣ "ትንሽ ምስል" ማለት ነው! መነሻውም እዚሁ አጠገባችን ነው። ከፍራንክፈርት ወደ ሰሜን በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ሄዳችሁ ቬትስላር የምትባል ከተማ አለች። እዚያ በኤርንስት ላይትስ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ኦስካር ባርናክ በ1914 ገደማ የሲኒማ ፊልም ወስዶ የአንዱን ምስል መጠን እጥፍ አደረገና 24 በ36 ሚሊሜትር የምታነሳ፣ ኪስ የምትገባ ካሜራ ሠራ። በ1925 ላይፕሲሽ ባዛር ላይ ላይካ ተብላ ለገበያ ቀረበች። በዚያ ዘመን ባለሙያ የሚባለው ትልልቅ መስታወት ተሸክሞ ስለሚዞር "ይቺ መጫወቻ ናት" ቢል አይፈረድበትም። የዛሬው ፉል ፍሬም ያ "ትንሽ" የተባለው ነው። ሙሉና ጎዶሎ የሚባል ነገር የለም፣ ከምን አንጻር ነው ጥያቄው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ብርሃን። ዝናብ ሲዘንብ ሰፊ ገንዳ ከጠባብ ገንዳ ብዙ ውኃ ይይዛል። ትልቅ ሴንሰርም በአንድ ዓይነት ሌንስ ቅንብር ከእጥፍ በላይ ብርሃን ይሰበስባል። ውኃው ከተትረፈረፈ ግን ሁለቱም ይሞላሉ፣ ልዩነቱ አይታይም። ጠዋት ማይን ወንዝ ዳር በሁለቱም አንሱና ስልክ ላይ እዩት፤ የቱ የቱ እንደሆነ ብትለዩ እኔ ልቀጣ። ልዩነቱ የሚወጣው ጨለማ ሲመጣ ነው። ካሜራው ብርሃን ሲያጥረው አይኤስኦ የሚባለውን ከፍ ያደርጋል፣ ያኔ ጥላው ላይ አሸዋ የመሰለ ነገር ይበተናል። ክሮፑ በ3200 የሚያሳየውን አሸዋ ፉል ፍሬሙ የሚያሳየው ከ6400 ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። ትልቅ ልዩነት ነው፣ ግን ተአምር አይደለም።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚከስረው። ገንዘቡን ሁሉ ካሜራው ላይ ያፈስና ለሌንስ ሲደርስ ኪሱ ባዶ ነው። ፉል ፍሬም ገዝቶ ኤፍ 4 ሌንስ የገጠመ ሰውና ክሮፕ ገዝቶ ኤፍ 1.4 ሌንስ የገጠመ ሰው ጎን ለጎን ይቁሙ። ኤፍ 1.4 ከኤፍ 4 ስምንት እጥፍ ብርሃን ያስገባል። የፉል ፍሬሙ ትርፍ 2.3 እጥፍ ነበር፣ አይደል? ስለዚህ ጨለማ ውስጥ ባለ ክሮፑ ያሸንፋል፣ ያውም በግማሽ ገንዘብ።

ወደ እኔ ክፍል ልመልሳችሁ። የምቀርጸው ከሥራ ስመለስ ነው። ታኅሣሥ ላይ ፍራንክፈርት አራት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ፀሐይ ትጠልቃለች (በፈረንጁ ነው የምላችሁ)። ክፍሌ ጨለማ ስለሆነ ነበር ትልቅ ሴንሰር የፈለግኩት። በኋላ ሁለት የኤልኢዲ መብራት ገዛሁ፣ የሁለቱ ዋጋ አንድ ቀን ጥሩ ከሠራሁ የማገኘው ነው። አይኤስኦው ወደ 400 ወረደ፣ አሸዋው ጠፋ። ደረት ላይ የሚሰካ ማይክ ገዛሁ፣ መስኮቱ ላይ ወፍራም መጋረጃ ሰቀልኩ፣ ማስተጋባቱም ቀረ። ለካ ችግሬ ካሜራ አልነበረም! ይባስ ብሎ ያ የገዛሁት ፉል ፍሬም ስክሪኑ ወደ ፊት አይዞርም፣ ራሴን ማየት አልችልም፤ ቪዲዮም ሲቀርጽ 29 ደቂቃ ላይ ያቆማል። እኔ ደግሞ አንዴ አፌን ከከፈትኩ በ29 ደቂቃ እንደማላቆም ታውቁኛላችሁ። ይሄ ሁሉ መመሪያው ላይ ተጽፏል፣ ሳላነብ የገዛሁት እኔ ነኝ። የላክኋት ኤ6400 ስክሪኗ ወደ ፊት ይዞራል፣ የጊዜ ገደብም የላትም።

ወንድሜ በበኩሉ ጎንደር ላይ ተቃራኒው ደረሰበት። የእሱ ሥራ ጥር ላይ ነው የሚደምቀው። ተክሊል የሚደረገው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው፣ ሌሊት ወይም ገና ሲነጋጋ፣ በጧፍና በአንዲት አምፖል። ካህናቱ ፈቅደው ካስገቡህም ፍላሽ ማብራት ነውር ነው፣ መብራት ተክዬ ልሥራ ማለትማ አይታሰብም። ብርሃኑን መምረጥ አይችልም፣ ድገሙልኝም አይልም። እንደ እኔ መብራት ገዝቶ የሚፈታው ችግር አይደለም። በዚያ ላይ ኤ6400 የምትወስደው አንድ ሚሞሪ ካርድ ብቻ ነው። ካርዱ ቢበላሽ የሰው ሠርግ ጠፋ ማለት ነው። ኤ7-3 ሁለት ካርድ ላይ እኩል ይጽፋል፣ ባትሪውም በጣም ይቆያል። ስልክ ደውሎ "ጋሼ፣ አንተ ቤት ቁጭ ብሎ የሚያወራውን ካሜራ እኔ ብይዘው እኮ ሥራ ይሠራ ነበር" አለኝ። መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ኋላ ሳስበው እውነቱን ነው።

ለጥምቀት ስሄድ ተለዋወጥን። ፉል ፍሬሙን ለእሱ፣ ክሮፗን ለእኔ። ሁለቱም የአንድ ድርጅት፣ ሌንስ መግጠሚያቸውም አንድ ስለሆነ ቀላል መስሎኝ ነበር። ሌንስ ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ ለክሮፕ የተሠራ ሌንስ የሚጥለው እንጀራ ትንሽ ነው። ፉል ፍሬም ላይ ስትገጥሙት ማዕዘኑ ይጠቁራል፣ ወይም ካሜራው ራሱ መሀሉን ብቻ ቆርጦ 24 ሜጋፒክስሉን ወደ 10 ያወርደዋል። ስለዚህ የገዛት ሲግማ 30 ሚሊሜትር ኤፍ 1.4 ከክሮፗ ጋር ወደ እኔ መጣች፣ የእኔ 50 ኤፍ 1.8 እና ታምሮን 28-75 ኤፍ 2.8 ለእሱ ቀሩ። ነገ ወደ ፉል ፍሬም እሻገራለሁ የሚል ካለ፣ ከዛሬው ለፉል ፍሬም የተሠራ ሌንስ ይግዛ፤ ያ ክሮፕ ላይም ያለ ችግር ይሠራል። (በነገራችን ላይ ፋሲለደስ መዋኛ ውኃው ሲረጭ ካሜራ ላይ ፌስታል አልብሱ። ምርቃቱ ለሰው ነው፣ ለሌንስ አይደለም።)

አሜሪካ ላላችሁ አንድ ነገር ላክል። የኢትዮጵያ መብራት እንደ ጀርመኑ 50 ኸርዝ ነው፣ የእናንተ 60። የአሜሪካ ቅንብራችሁን ሳትቀይሩ አዳራሽ ውስጥ ከቀረጻችሁ ቪዲዮው ይርገበገባል። ሻተሩን 1/50 ወይም 1/100 አድርጉት። ይሄ የሁለቱም ዓይነት ካሜራ ጣጣ ነው፣ ስንት ሰው የእናቱን ልደት እንዲህ አበላሽቶ መጥቷል።

ያገለገለ መግዛትን አትናቁ፣ በተለይ ፉል ፍሬም። እዚህ ጀርመን ከሱቅ ያገለገለ ዕቃ ስትገዙ ሻጩ በሕግ ቢያንስ አንድ ዓመት ይጠየቅበታል፣ ለአዲስ ሁለት ዓመት ነው። ከግለሰብ ከገዛችሁ ግን "ኃላፊነት አልወስድም" ብሎ ሊጽፍ ይችላል፣ ያኔ ዕድላችሁ ነው። ጥቂት ዩሮ ለማትረፍ ባቡር ጣቢያ በር ላይ ከማይታወቅ ሰው አትግዙ። እዚያ ነው የምውለው፣ የማየውን አያለሁ።

ወንድሜ አሁን "ደንበኞች ፉል ፍሬም ነው ወይ ብለው ይጠይቃሉ፣ ሌላ አንድ ድገምልኝ" እያለኝ ነው። ቀጣዩ ዕቁብ ሲወጣ የምልክለት ግን ክሮፕ ነው፣ ያገለገለች፣ ሌንሶቹን የምትጋራ። ሁለተኛ ካሜራ የሚያስፈልገው ተክሊሉ መሀል አንደኛው እምቢ ሲል ነው፤ ያን ሰዓት ሙሽሮቹ የሴንሰሩን ስፋት አይጠይቁትም።