የጥልቅ ባሕር እንስሳት

የጥልቅ ባሕር እንስሳት የሚባሉት ከውሃው ገጽ ከ200 ሜትር በታች ባለው የውቅያኖስ ክፍል የሚኖሩ እንስሳት ናቸው። ዓሦች፣ ትሎች፣ ቀንድ አውጣዎች፣ ስኩዊዶችና ሌሎችም ብዙ ወገኖች ይገኙባቸዋል። ብዙዎቹ በመልክም ሆነ በአኗኗር በየብስና በባሕር ዳርቻ ከሚታወቁት እንስሳት እጅግ ይለያሉ። ይህ ልዩነት ከሚኖሩበት ቦታ ጨለማ፣ ቅዝቃዜ፣ ግፊትና የምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ ነው።

የአካባቢው ሁኔታ

የፀሐይ ብርሃን ወደ ውሃው በዘለቀ መጠን እየደከመ ይሄዳል። ከ200 ሜትር በታች ያለው ብርሃን ለዕፅዋት እድገት አይበቃም፤ ከ1,000 ሜትር በታች ደግሞ የፀሐይ ብርሃን ከነጭራሹ የለም። የውቅያኖሶች አማካይ ጥልቀት ወደ 3,700 ሜትር ስለሚደርስ፣ በምድር ላይ ለሕይወት መኖሪያ ከሚሆነው ስፍራ ትልቁ ክፍል ጨለማ ነው ማለት ነው።

የጥልቁ ውሃ ሙቀት በአብዛኛው ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አይበልጥም። ግፊቱም በየ10 ሜትሩ በአንድ አትሞስፌር ያህል ይጨምራል። ስለዚህ በ4,000 ሜትር ጥልቀት የሚኖር እንስሳ በውሃው ገጽ ላይ ካለው 400 እጥፍ ገደማ የሚሆን ግፊት ይሸከማል። ምግብ በብዛት የሚገኘው ከላይ ነው፤ የሞቱ ጥቃቅን ፍጥረታትና የእንስሳት ዓይነ ምድር ቀስ እያሉ ወደ ታች ይወርዳሉ። ይህ ብናኝ «የባሕር በረዶ» ይባላል።

የጥናት ታሪክ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የብሪታንያው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ፎርብስ በኤጂያን ባሕር ባደረገው ጥናት፣ ውሃው በጠለቀ ቁጥር እንስሳት እየቀነሱ መሄዳቸውን አየ። ከዚህም ተነሥቶ ከ550 ሜትር ገደማ በታች ሕይወት የለም የሚል ግምት አቀረበ። ሆኖም «ቻሌንጀር» የተባለችው መርከብ እ.ኤ.አ. ከ1872 እስከ 1876 ባደረገችው ዓለም ዓቀፍ ጉዞ ከብዙ ሺህ ሜትር ጥልቀት እንስሳትን አውጥታ ግምቱ ስሕተት መሆኑን አሳየች።

እ.ኤ.አ. በ1960 ዣክ ፒካር እና ዶን ዋልሽ «ትሪየስት» በተባለች ጠላቂ መርከብ ወደ ማሪያና ዘቅጥ ወርደው 10,900 ሜትር ያህል ጥልቀት ደረሱ። ይህ ስፍራ በውቅያኖስ ውስጥ ከሚታወቁት ሁሉ ጥልቁ ነው።

አጥማጅ ዓሣ

የጥልቅ ባሕር አጥማጅ ዓሣ ሴቷ በግንባሯ ላይ እንደ መቃጥን ዘንግ የተንጠለጠለ ክር አላት። በክሩ ጫፍ ብርሃን የሚሰጡ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፤ ወደ ብርሃኑ የሚጠጋው አደን በትልቁ አፏ ይዋጣል።

እ.ኤ.አ. በ1922 አይስላንዳዊው ቢያርኒ ሴሙንድሶን በአንዲት ሴት አጥማጅ ዓሣ ሆድ ላይ ተጣብቀው የተገኙ ትናንሽ ዓሦችን መርምሮ ልጆቿ ሳይሆኑ አይቀሩም ብሎ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ቻርለስ ቴት ሪጋን እነዚህ ትናንሽ ዓሦች ወንዶች መሆናቸውን አስረዳ። በአንዳንድ ዝርያዎች ወንዱ ሴቷን ነክሶ ይይዛል፤ ከዚያ ሥጋቸው ይጋጠማል፣ የደም ሥራቸውም ይያያዛል። ወንዱ ከዚያ በኋላ ምግቡን የሚያገኘው ከሴቷ ደም ነው። በጨለማና በሰፊ ውሃ ውስጥ የትዳር ጓደኛ ማግኘት ብርቅ ስለሆነ፣ አንዴ የተገናኙት እንዳይለያዩ ይህ መንገድ ይረዳል።

በሌሎች እንስሳት ዘንድ ሰውነት የባዕድ ሥጋን አይቀበልም፤ የአካል ንቅለ ተከላን አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ እንዲህ የሚጣበቁት ዝርያዎች ለበሽታ መከላከል ከሚያገለግሉ ዋና ዋና ጂኖች አንዳንዶቹን አጥተዋል።

ግፊትን የለመዱ ዓሦች

ከዓሦች ሁሉ ወደ ጥልቅ የሚወርደው ስኔይልፊሽ የተባለው ወገን ነው። ቅርፊት የሌለውና ለስላሳ ሰውነት ያለው ትንሽ ዓሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ከጃፓን ደቡብ ባለው የኢዙ ኦጋሳዋራ ዘቅጥ በ8,336 ሜትር ጥልቀት በካሜራ ታይቷል። በዓሦች ሥጋ ውስጥ ፕሮቲኖችን ከግፊት ጉዳት የሚጠብቅ ንጥረ ነገር አለ፤ መጠኑም ከጥልቀቱ ጋር ይጨምራል። ይሁን እንጂ መጠኑ ሲበዛ ውሃ ወደ ዓሣው ሰውነት መግባት ስለሚጀምር፣ ዓሣ ከ8,200 እስከ 8,400 ሜትር ገደማ ከሆነው ጥልቀት በታች ሊኖር እንደማይችል ይታሰባል። ፒካር በማሪያና ዘቅጥ ግርጌ ጠፍጣፋ ዓሣ አየሁ ማለቱን ብዙ ተመራማሪዎች የሚጠራጠሩትም በዚህ ምክንያት ነው።

ብሎብፊሽ የተባለው ዓሣ እ.ኤ.አ. በ2013 በብሪታንያ በተደረገ የሕዝብ ድምፅ የዓለም አስቀያሚ እንስሳ ተብሏል። ነገር ግን በፎቶግራፍ የሚታየው የተዝረከረከ መልኩ ከጥልቁ ውሃ በድንገት ሲወጣ የሚደርስበት ጉዳት ነው። በመኖሪያው ሳለ የውሃው ግፊት ሰውነቱን ስለሚደግፈው እንደ ሌላ ዓሣ ይመስላል።

ያለ ፀሐይ የሚኖሩ

እ.ኤ.አ. በ1977 በጋላፓጎስ ደሴቶች አቅራቢያ፣ በ2,500 ሜትር ጥልቀት፣ ከባሕሩ ግርጌ የሚፈልቁ ሙቅ ምንጮች ተገኙ። ጉዞው ለሥነ ምድር ጥናት የታሰበ ስለነበር በመርከቡ ላይ አንድም የሥነ ሕይወት ባለሙያ አልነበረም። በምንጮቹ ዙሪያ ግን እንስሳት ተጨናንቀው ይኖሩ ነበር። ከእነዚህም አንዱ እስከ 2 ሜትር የሚረዝም የቱቦ ትል ነው። ይህ ትል ካደገ በኋላ አፍም አንጀትም የለውም። በሰውነቱ ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ከምንጩ በሚወጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ተጠቅመው ምግብ ይሠሩለታል። ለሌላው እንስሳ መርዝ የሆነው ጋዝ ለዚህ ትል የሕይወት መሠረት ነው።

የተደቀነ አደጋ

እ.ኤ.አ. በ2001 በሕንድ ውቅያኖስ ሙቅ ምንጭ እግሩ በብረት ሰልፋይድ በተሸፈኑ ቅርፊቶች የታጠረ ቀንድ አውጣ ተገኘ። በ2019 ይህ ቀንድ አውጣ ለመጥፋት በተቃረቡ ዝርያዎች ዓለም ዓቀፍ መዝገብ ላይ ሰፈረ፤ በጥልቅ ባሕር ማዕድን ቁፋሮ ሥጋት የተነሣ በመዝገቡ የገባ የመጀመሪያው ዝርያ ነው። በጊዜው ከታወቁት ሦስት መኖሪያዎቹ ሁለቱ ለማዕድን ፍለጋ ፈቃድ በተሰጠባቸው ቦታዎች ይገኙ ነበር።

ለባትሪ ሥራ የሚፈለጉት ኒኬልና ኮባልት በባሕሩ ግርጌ በተበተኑ የድንጋይ እንክብሎች ውስጥም ይገኛሉ። አንድ እንክብል ጥቂት ሚሊሜትር ለማደግ ሚሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። እ.ኤ.አ. በ1989 ከፔሩ ባሕር ዳርቻ ርቆ ለሙከራ የታረሰ የባሕር ግርጌ ከ26 ዓመት በኋላ ሲታይ የእርሻው ፈር ገና አልጠፋም ነበር።

በተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት መሠረት ከአገሮች ክልል ውጭ ያለው የባሕር ግርጌ ማዕድን፣ የባሕር በር ላላቸውም ለሌላቸውም አገሮች የሰው ልጅ የጋራ ቅርስ ነው። ፈቃዱን የሚቆጣጠረው ዋና መሥሪያ ቤቱ በኪንግስተን፣ ጃማይካ የሚገኘው ዓለም ዓቀፍ የባሕር ግርጌ ባለሥልጣን ነው። ከጥልቅ ባሕር እንስሳት ብዙዎቹ እስከ አሁን ስም ስላልወጣላቸው፣ ቁፋሮ ቢጀመር አንዳንዶቹ ሳይታወቁ ሊጠፉ ይችላሉ።