የሕፃናት አጥንት እንዲጠነክር የፀሐይ ብርሃን ያስፈልጋል

የሕፃን አጥንት የሚረዝመው ጫፎቹ ላይ ካለው ለስላሳ ክፍል ሲሆን፣ አዲስ የሚጨመረው አካል የሚጠነክረው ካልሲየምና ፎስፎረስ ሲሰርጽበት ነው። ካልሲየም ከአንጀት ወደ ደም በበቂ መጠን እንዲገባ የሚያስችለው ቫይታሚን ዲ ነው። ከምግብ የሚገኘው ጥቂት በመሆኑ አብዛኛውን ቆዳ በፀሐይ ብርሃን አማካይነት ይሠራዋል፤ ጉበትና ኩላሊትም በየተራቸው ለውጠው ለአገልግሎት ያበቁታል። የእናት ጡት ወተት ለሕፃናት ተመራጭ ምግብ ቢሆንም በዚህ ቫይታሚን ረገድ ብቻውን አይበቃም።

በኢትዮጵያ የፀሐይ እጥረት የለም። ይሁን እንጂ ብርድና ምች ያገኘዋል በሚል ስጋት ሕፃንን ጠቅልሎ ቤት ውስጥ ማቆየት በብዙ ቤተሰብ ዘንድ የተለመደ ነው። በተዘጋ መስኮት የሚገባ ብርሃንም አይጠቅምም፤ ተፈላጊውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋልና።

እጥረቱ ሪኬትስ የተባለውን የአጥንት መለስለስ በሽታ ያስከትላል። ብዙዎች የሚያውቁት የእግር መጉበጡን ነው፤ የከፋው ጉዳት ግን በደረት ላይ ነው። የጎድን አጥንት ሲለሰልስ ሕፃኑ በሚገባ መተንፈስና አክታን በሳል ማስወጣት ያቅተዋል። በአዲስ አበባ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተሰኘው የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት፣ በሳንባ ምች ታመው ከተኙ 500 ሕፃናት 210ሩ ሪኬትስ እንደነበረባቸው አመልክቷል። ለንጽጽር ከታዩት 500 ሕፃናት በሽታው የተገኘባቸው 20 ብቻ ነበሩ።

ወላጆች ጠዋት ወደ ሥራ ወጥተው ማታ በሚመለሱበት ቤት ሕፃኑን ፀሐይ የማሞቁ ኃላፊነት የሞግዚቷ ስለሚሆን፣ ጉዳዩ በግልጽ ሊነገራት ይገባል። የጎበጠ እግር በወቅቱ ቫይታሚን ዲና ካልሲየም ከተሰጠ በአብዛኛው ይቃናል።