ሀ ሁ በጣት፣ ሀ ሁ በነጥብ

አራተኛ ክፍል፣ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነው እንበል። መምህሯ ጠመኔ አንስተው ወደ ሰሌዳው ዞሩ። እየጻፉ «ይሄን ከዚህ ጋር ስንደምረው፣ ይሄን ይሰጠናል» አሉ፤ ጨርሰው «በሉ ገልብጡ» ብለው ተቀመጡ። ሁላችንም የተማርነው እንዲህ ነው። እስቲ ይህችን ሁለት ደቂቃ አብረን እንፈትሻት፤ ስለ አካቶ ትምህርት (አካል ጉዳተኛ ልጅ ከእኩዮቹ ጋር ስለሚማርበት አሠራር) መታወቅ ካለበት ነገር ግማሹ እዚህች ውስጥ አለ።

ዓይነ ስውር ለሆነችው ተማሪ «ይሄን ከዚህ ጋር» ባዶ ድምፅ ነው። መምህሯ «ሦስት አራተኛን ከአንድ ስምንተኛ ጋር» ቢሉ ኖሮ ከማንም እኩል ትከተላቸው ነበር። ጆሮው ደከም ያለውና የከንፈር እንቅስቃሴ እያየ የሚያዳምጠው ልጅ ችግሩ ሌላ ነው፦ መምህሯ ወደ ሰሌዳው ዞረው ሲናገሩ የሚያየው ጀርባቸውን ብቻ ነው። የኋላ ዴስክ ላይ የተቀመጠው ዓይኑ በደንብ የማያይለት ልጅ ጽሑፉ ይደባለቅበታል። ጣቶቿ እንደልብ የማይታዘዙላት ልጅ ደግሞ ሁሉም ገብቷታል፤ ነገር ግን ግማሹን ሳትገለብጥ ሰሌዳው ይጠፋል።

አሁን ደስ የሚለውን ክፍል ልንገራችሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ልጆች ፍላጎት እርስ በርስ ይጋጫል! ለማታየው ልጅ እየጻፉ ማንበብ ያስፈልጋል፤ በደንብ ለማይሰማው ግን ወደ ሰሌዳ ዞሮ መናገር አይጠቅምም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ እያነበቡ መጻፍ፣ ከዚያ ወደ ክፍሉ ዞሮ ያንኑ ፊት ለፊት መድገም። የሚወስደው አንዲት ተጨማሪ ደቂቃ ነው። በዚህች ደቂቃ ደግሞ ሐሳቡ ሄዶ የነበረው ልጅ ይመለሳል፤ ቤቱ ሌላ ቋንቋ የሚናገረውም ያመለጠውን ቃል ይይዛል።

እንግዲህ የአካቶ ትምህርት ሥራ የሚጀምረው አንድ ጥያቄ በመቀየር ነው። «ይህ ልጅ ምን ጎደለው?» ማለቱን ትተን «እንዳይማር የከለከለው ምንድን ነው?» ስንል መልሱ ብዙውን ጊዜ እጃችን ላይ ያለ ነገር ሆኖ እናገኘዋለን።

አካል ጉዳተኛ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ በጥቅሉ አራት ዓይነት ነገር ሊገጥመው ይችላል። አንደኛው ለብቻው የተቋቋመ ልዩ ትምህርት ቤት ነው፤ የሰበታውን የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት፣ መርሐ ዕውራንን፣ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ሁለተኛው መደበኛ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ያለ ልዩ ክፍል ነው። ሦስተኛው ልጁን ከሌሎቹ ጋር አስቀምጦ ምንም ሳይቀይሩ «እንግዲህ ተማር» ማለት ነው። አራተኛው ልጁን ከእኩዮቹ ጋር አስቀምጦ አስተማሪውን፣ መጽሐፉን፣ ፈተናውንና ሕንፃውን ለእሱም እንዲሆኑ ማስተካከል ነው። አካቶ የሚባለው ይህ አራተኛው ብቻ ነው። ከሦስተኛው ጋር እያደባለቅነው ነው «አካቶ ተሞክሮ አልሠራም» የሚባለው።

ሐሳቡ ዓለም አቀፍ መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። በስፔን ሳላማንካ ከተማ የ92 መንግሥታትና የ25 ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ተወካዮች ተሰብስበው መደበኛ ትምህርት ቤቶች ሁሉንም ልጆች እንዲቀበሉ የሚጠይቅ መግለጫ አወጡ። በዚያው ዓመት፣ በእኛ 1986 መሆኑ ነው፣ የወጣው የኢትዮጵያ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም አካል ጉዳተኞች እንደ ችሎታቸውና ፍላጎታቸው እንዲማሩ በዓላማው ላይ አስፍሮ ነበር። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 676 ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነትን አጸደቀች። የስምምነቱ አንቀጽ 24 ሙሉ በሙሉ ስለ ትምህርት ነው። ስለዚህ አንድ ርዕሰ መምህር ልጅን «እኛ እንዲህ ዓይነት አንቀበልም» ሲሉ ከሕግ ጋር እየተጋጩ ነው።

ሕጉን እዚህ ላይ ላቁምና ወደ ፊደል ልውሰዳችሁ፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ እሱ ነው።

ዓይነ ስውራን በጣት ዳስሰው የሚያነቡት ብሬል ስድስት ነጥቦች ነው፤ በሁለት ዓምድ፣ በየዓምዱ ሦስት። አንዳንዶቹን በማንሳት ሌሎቹን በመተው የሚገኙት ቅርጾች 63 ናቸው። የእኛ ገበታ ግን 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ፣ ዲቃላዎቹን ሳንቆጥር፣ 231 ነው። የቀረው ቅርጽ ከየት ይምጣ? ዘዴው እያንዳንዱን ፊደል ወደ ተነባቢና አናባቢ መፍታት ሆነ። «ሰ» በብሬል ሲጻፍ መጀመሪያ ተነባቢው ይቀመጣል፣ ቀጥሎ ግዕዝ መሆኑን የሚናገር አናባቢ ይከተላል። «ሱ» ከሆነ የካዕቡ፣ «ሲ» ከሆነ የሣልሱ አናባቢ ይመጣል። ሳድሱ ብቻ አናባቢ ሳይጨመርለት ራሱን ችሎ ይቆማል። ስለዚህ «ሰላም» በወረቀት ላይ ሦስት ፊደል ነው፤ በብሬል ግን ሁለት ለ«ሰ»፣ ሁለት ለ«ላ»፣ አንድ ለ«ም»፣ በድምሩ አምስት ቦታ ይይዛል።

ይህ ለምን ይጠቅመናል? የክፍሉን አሠራር ስለሚወስን ነው። ያው የአማርኛ ምንባብ በብሬል ብዙ ተጨማሪ ቦታ ይፈልጋል፤ ወረቀቱም ወፍራም ስለሆነ አንድ መጽሐፍ በርካታ ጥራዝ ይሆናል። ዓይነ ስውሯ ልጅ በብሬል መጻፊያው ሰሌዳና በመውጊያው (ስታይለስ) ስትጽፍ ደግሞ ነጥቦቹን የምትወጋው ከወረቀቱ ጀርባ ነው። ከቀኝ ወደ ግራ ትጽፋለች፣ ገልብጣ ከግራ ወደ ቀኝ ታነባለች። የጻፈችውን ለማየት ወረቀቱን አውጥታ መገልበጥ አለባት። እንግዲህ በፈተና ቀን ለእሷና ለጎረቤቷ እኩል አንድ ሰዓት መስጠት እኩልነት ይመስላል፤ በተግባር ግን ለእሷ ያነሰ ጊዜ መስጠት ነው። ተጨማሪ ሰዓት ሲፈቀድላት የተደረገላት ቸርነት የለም፤ ሒሳቡ ነው የተስተካከለው።

ስለ ሒሳብ ካነሳን፣ ብዙ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ከፍ ወዳለው ክፍል ሲደርሱ «ይቅርባቸው» ተብሎ ከሒሳብ ትምህርት ውጭ ሲደረጉ ኖረዋል። በሐዘኔታ ነበር። ውጤቱ ግን የኢኮኖሚክሱ፣ የሳይንሱና የኮምፒውተሩ በር ገና በልጅነታቸው መዘጋቱ ነው። በጣት የሚዳሰስ አባከስ፣ በገመድና በካርቶን የተሠራ የሦስት ማዕዘን ቅርጽ፣ ከላይ እንዳየነው ቁጥሩን በስሙ የሚጠራ መምህር ካለ ሒሳብ በዓይን ብቻ የሚሠራ ትምህርት አይደለም።

አሁን ደግሞ በጣት የሚጻፈው ፊደል። መስማት የተሳናቸው ኢትዮጵያውያን የሚጠቀሙበት የጣት ፊደል ያንኑ ችግር በሌላ ጥበብ ፈትቶታል። 33ቱ ፊደላት እያንዳንዳቸው የራሳቸው የእጅ ቅርጽ አላቸው፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ድምፆች ደግሞ የእጁ እንቅስቃሴ ናቸው። ቅርጹ ሳይለወጥ እንቅስቃሴው ሲለወጥ «ለ» «ሉ» ይሆናል፣ «ሊ» ይሆናል። የፊደል ገበታችን ቁልቁል ተነባቢ፣ አግድም አናባቢ ሆኖ መደርደሩን እጅ እንዲህ አድርጎ ሲያሳይ ይገርማል። ፊደል የለየ ሰሚ ልጅም በቶሎ ይይዘዋል፤ አንድ ክፍል በሙሉ ቢማረው መስማት ለተሳነው ጓደኛው ስሙን በእጁ ሊነግረው ይችላል።

እዚህ ላይ ግን ቆም እንበል። የጣት ፊደል የምልክት ቋንቋ ማለት አይደለም። የኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው ያለው ሙሉ ቋንቋ ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2008 በዲግሪ ደረጃ ማስተማር ጀምሯል። ሕፃን ቋንቋን የሚለምደው በዙሪያው ሲነገር እያየና እየሰማ ነው። አንድን መስማት የተሳነው ልጅ ብቻውን ወስደን ምልክት በማያውቁ ስልሳ ልጆች መሐል ብናስቀምጠው አካተትነው ልንል አንችልም፤ በሰው መሐል አገለልነው። ስለዚህ እነዚህ ልጆች በአንድ ትምህርት ቤት በርከት ብለው እንዲሰባሰቡ፣ ምልክት አቀላጥፎ የሚናገር መምህር እንዲኖራቸው፣ ከሌሎቹ ጋር ደግሞ ግቢውን፣ ጨዋታውንና የሚመቸውን ትምህርት እንዲጋሩ ማድረግ ይሻላል። ከላይ ያነሳሁት የስምምነቱ አንቀጽ 24 ራሱ የምልክት ቋንቋ መማር እንዲመቻችና መስማት የተሳናቸው ማኅበረሰብ የቋንቋ ማንነት እንዲጎለብት ይጠይቃል። አካቶ ለሁሉም አንድ ዓይነት ክፍል ማለት አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

ለዚህም ነው ልዩ ትምህርት ቤቶችን እንደ ጠላት ማየት የማይገባው። የሕግ ባለሙያዋና የ2017ቱ (እ.ኤ.አ.) የራይት ላይቭሊሁድ ተሸላሚ የትነበርሽ ንጉሤ ዓይናቸውን ያጡት በአምስት ዓመታቸው ነው። መጀመሪያ ሻሸመኔ በሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተማሩ፣ ቀጥሎ አዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከዓይናማዎቹ ጋር፣ ከዚያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ። ብሬሉን የሚሰጥ ቦታና ዓለሙን የሚያጋራ ቦታ ሁለቱም አስፈልገዋል። አሁን በኢትዮጵያ እየተሞከረ ያለው ሁለቱን ማቀራረብ ነው፦ በአንድ ትምህርት ቤት የአካቶ ድጋፍ መስጫ ማዕከል ይቋቋምና የብሬል ዕቃው፣ የሠለጠነው መምህር፣ የመመርመሪያ መሣሪያው እዚያ ሆኖ በዙሪያው ያሉትን ትምህርት ቤቶች ያገለግላል። ዕቃውና ባለሙያው ወደ ልጁ ሰፈር ሲመጡ ልጁ ለትምህርት ሲል ከእናቱ ተለይቶ አዳሪ አይሆንም።

ከፊደሉ ወደ ደረጃው እንውረድ። ከክፍሉ በር ፊት ሦስት ደረጃዎች አሉ እንበል፤ እያንዳንዱ 15 ሴንቲሜትር፣ ከፍታው በድምሩ 45። በብዙ አገር የሚሠራበት የራምፕ (የዊልቸር መወጣጫ) ልክ ለአንድ ሴንቲሜትር ከፍታ 12 ሴንቲሜትር ርዝመት ነው። ስለዚህ 5 ሜትር ከ40 ያስፈልጋል። አንዳንድ ቦታ የምናየው፣ ሁለት ሜትር የማይሞላ ቁልቁለት ዊልቸር ለሚገፋ ልጅ መንሸራተቻ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ (624/2001) ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ እንዲኖራቸው አዟል። ሲሚንቶው እስኪገዛ ደግሞ አንድ ነፃ መፍትሔ አለ፦ ዊልቸር የሚጠቀመው ልጅ የሚማርበትን ክፍል ደረጃ ወደሌለው ቦታ ማዛወር። መጸዳጃ ቤቱንም እዩት፤ ዊልቸር የማያስገባ ከሆነ ልጅቷ ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳትጠጣ ትውላለች፣ ቆይታም ትቀራለች።

«ይሁን፤ ግን ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል?» ትሉኛላችሁ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1977 ልዩ ክፍሎችን በሕግ ስታስቀር ያንኑ አስባበታለች፤ አካል ጉዳተኛ ልጅ ያለበት ክፍል ከ20 ተማሪ እንዳይበልጥ ደነገገች፣ ድጋፍ ሰጪ መምህርም መደበች። በእኛ አገር የአንደኛ ደረጃ ክፍል ልኩ 50 ሆኖ ቆይቷል፤ ብዙ ቦታም ይበልጣል። መምህር ብቻውን ተአምር እንዲሠራ መጠበቅ ግፍ ነው፤ ሥልጠናና ረዳት ሳይሰጡ «አካት» ማለት ከላይ ያልኩት ሦስተኛው ዓይነት ነው። ሆኖም ያው ብዛት አንድ ሀብት አለው፦ ልጆች እርስ በርስ ይማማራሉ። ጎረቤቱ ያነብለታል፣ እሱ ደግሞ በቃሉ የያዘውን ያስረዳል። ረዳቱ በየጊዜው ይቀያየር እንጂ አንዲት ልጅ የሌላው አገልጋይ ሆና መቅረት የለባትም።

ከሁሉ የሚከብደው የአእምሮ እድገት ውስንነትና ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ጉዳይ ነው፤ በእነሱ ዘንድ የሚስተካከለው ትምህርቱ ራሱ ነውና። ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበት ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ሲያጡ እ.ኤ.አ. በ2002 የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ፤ በ2021 እስካረፉበት ጊዜ ድረስም ስለ ኦቲዝም ሲያስተምሩ ኖሩ። በመደበኛ ክፍል የሚረዳው መሣሪያ ለእያንዳንዱ ልጅ የሚጻፍ የግል የትምህርት ዕቅድ ነው። ክፍሉ በባቄላ ፍሬ ማባዛት ሲማር፣ አንዱ ልጅ በዚያው ባቄላ እስከ 20 መቁጠር ይለማመዳል። ትምህርቱ አንድ፣ ግቡ የየራስ። ድንገት መርሐ ግብር መቀየር ለሚያስጨንቀው ልጅ የቀኑ ተግባራት በሥዕል ተደርድረው ግድግዳ ላይ ቢለጠፉ ይረጋጋል።

አሜሪካ ያላችሁ ወላጆች ይህንን ዕቅድ «አይ.ኢ.ፒ.» በሚለው ስሙ ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1975 ከወጣው ሕግ ጀምሮ የልጁ መብት ነው፤ ቢያንስ በዓመት አንዴ ይከለሳል። ብዙዎች የማያውቁት ግን በስብሰባው ላይ የሚባለው እንዲገባችሁ ትምህርት ቤቱ አስተርጓሚ ማቅረብ እንዳለበት ነው። «እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው» ብላችሁ ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ። ልጃችሁ እንዲገመገምላችሁ ስትጠይቁም በጽሑፍ ይሁን።

አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ፣ የምዝገባ ሰሞን ሲመጣ፣ ልጃችሁ አካል ጉዳት ባይኖርበትም በወላጅና መምህራን ኅብረት ስብሰባ ላይ ሦስት ነገር ጠይቁ። ዘንድሮ ስንት አካል ጉዳተኛ ልጅ ተመዘገበ? ስንቱስ ከበር ተመለሰ? የተመለሱትን የሚመዘግብ ማነው? የመጀመሪያውን ቁጥር ርዕሰ መምህሩ መዝገብ ገልጠው ይነግሯችኋል። ለሦስተኛው መልስ ከሌለ፣ የሚመለሱ ልጆች በስምና በሰፈር እንዲጻፉና ዝርዝሩ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት እንዲላክ በቃለ ጉባኤ አስይዙ። የአካቶ ድጋፍ መስጫ ማዕከል የት ይከፈት፣ የምልክት ቋንቋ መምህር የት ይመደብ የሚለው የሚወሰነው በተጻፈ ቁጥር ነው።