የግማሽ ሄክታር ሒሳብ

የደብረ ማርቆስ እህል ነጋዴ ስንዴ ሲገዛ አስቀድሞ እጁን ወደ ጆንያው ይሰዳል። ፍሬው የሞላ ነው? እንክርዳድ አለበት? ዋጋ የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው። ጥራቱ ግን ያለቀለት ከገበያው ርቆ፣ በጎዛምንና በማቻክል ቀበሌዎች ማሳ ላይ ነው።

በገጠር ቀበሌዎች የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል የሚባል ተቋም አለ። ከ1994 ዓ.ም. ወዲህ በሰፊው የተቋቋመ ሲሆን፣ የሰብል፣ የእንስሳትና የተፈጥሮ ሀብት የልማት ሠራተኞች ይመደቡበታል። ማኅበረሰቡ ለሠርቶ ማሳያ መሬት ይሰጠዋል። ፊደል ያልቆጠረ ገበሬም እዚህ ይማራል፤ ደብተሩ ማሳው ነውና።

ችግሩ ገንዘብ ነው። ደመወዝ ከመንግሥት ይከፈላል፤ የሥራ ማስኬጃው እጥረት ግን በጥናቶች ተደጋግሞ የተነሣ ነው። ማዕከሉ ከማሳው ገቢ ወጪውን ይሸፍናል የሚለው ሐሳብ በወረቀት ላይ መልካም ነበር። ዳሩ ግን ማሳ ያለ መነሻ ካፒታል አይታረስም።

እስቲ እናስላው። ግማሽ ሄክታር ስንዴ፣ በሄክታር 30 ኩንታል ሒሳብ፣ 15 ኩንታል ይሰጣል። ለምግብ ቢሸጥ የእህል ዋጋ ያወጣል። ለዘር ከተመረጠ ግን፣ በሄክታር 150 ኪሎ ግራም ሲዘራ፣ 10 ሄክታር ይሸፍናል። ግማሽ ግማሽ ሄክታር ለሚዘሩ ገበሬዎች የ20 አባወራ ዘር ማለት ነው። በውል ዘር ማባዛት ለክልሉ አዲስ ነገር አይደለም። የማዳበሪያና የዘር መነሻውን ነጋዴ አበድሮ በምርት ቢቀበል ማን ይከለክለዋል? ውሉን ግን ከልማት ሠራተኛው ጋር ሳይሆን ሕጋዊ ሰውነት ካለው የቀበሌው ኅብረት ሥራ ማኅበር ጋር መፈራረም ይበጃል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ክልሉን የናጠው ግጭትም የብድሩ ሥጋት ተብሎ መቆጠር አለበት።

መማርንና መተዳደርን ማጣመር እንደሚቻል በዚሁ ክልል፣ በፎገራ አካባቢ፣ አውራ አምባ አሳይታለች። በ1964 ዓ.ም. በአቶ ዙምራ ኑሩ መሪነት የተመሠረተችው መንደር ቤተ መጻሕፍትና የአረጋውያን መጦሪያ አላት፤ አዋቂውም ይማራል። መሬቷ ግን 17.5 ሄክታር ገደማ ብቻ ነው። ያን ሁሉ ሰው ስለማይመግብ ማኅበረሰቡ ወደ ሽመናና ወደ ወፍጮ ዞረ። ሴቷ ታርሳለች፣ ወንዱ እንጀራ ይጋግራል። ሌሎች ይህን እንደ ወግ ያዩታል፤ ለእኔ ግን ሙያን ሳይለዩ ሙሉውን የሰው ጉልበት ሥራ ላይ ማዋል ነው።

በጎጃም ሥልጠናው በአብዛኛው የሚጠራው አባወራውን ነው። የምታርመውና የምታበጥረው ግን ሴቷ ናት። ነጋዴው ጆንያ ውስጥ የሚዳስሰው የእሷን ሥራ ነው፤ ስለዚህ የሚያበድር ሰው እሷም በሠርቶ ማሳያው እንድትገኝ በውሉ ቢያስገባ ለራሱ ኪስ ነው።

ስንዴ በሰኔና በሐምሌ ይዘራል። የማዳበሪያ ግዢ ደግሞ ከዚያ በፊት ማለቅ ስላለበት፣ የውሉ ንግግር ከግንቦት ማለፍ የለበትም።