በማህፀን ጥግ የተወሸቀ ፅንስ

ሞያሌ ላይ ከኬንያ ወደ ኢትዮጵያ በእግር ለመሻገር ደቂቃዎች ይበቃሉ። ከዚያ ናይሮቢ ለመድረስ ግን ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራል፤ ወደ አዲስ አበባ ቢዞሩም መንገዱ አያጥርም። ርቀቱን ያስቀደምኩት ያለምክንያት አይደለም።

ከ100 እርግዝና አንዱ ወይም ሁለቱ ከማህፀን ውጭ ይይዛሉ፤ አብዛኞቹም በማህፀን ቱቦ ውስጥ። ከእነዚህ ጥቂቶቹ ደግሞ ቱቦው የማህፀንን ግድግዳ ዘልቆ በሚያልፍበት ጠባብ ቦታ ያርፋሉ። ሐኪሞች ኢንተርስቲሻል ይሉታል። ዙሪያውን የከበበው ጡንቻ ስለሚለጠጥለት ሳይታወቅ ሊያድግ ይችላል፤ በአልትራሳውንድም ትክክለኛ ቦታው ላይ ያለ ሊመስል ይችላል። ሲፈነዳ ግን ትልልቅ የደም ሥሮች የሚገናኙበት ቦታ ነውና ደሙ ይጎርፋል። ሆድ ውስጥ የፈሰሰው ደም ሆድንና ደረትን የሚለየውን ጡንቻ፣ ድያፍራምን፣ ሲነካ ሕመሙ ትከሻ ላይ ይሰማል። የወር አበባዋ የቀረባት ሴት «ትከሻዬን» ስትል ማስታገሻ ሰጥቶ መሸኘት አይገባም።

ቀድሞ መፍትሔው ሆድ ከፍቶ የማህፀኑን ጥግ መቁረጥ፣ አንዳንዴም ማህፀኑን ጨርሶ ማውጣት ነበር። ዛሬ በላፓሮስኮፒ እምብርት አጠገብ ከ1 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ቀዳዳ ይከፈታል፤ ሆዱ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋል፤ ካሜራ ይገባል። ሐኪሙ ደም ሥሮቹን የሚያኮማትር መድኃኒት ጡንቻው ውስጥ ወግቶ ፅንሱን ያወጣል፣ ከዚያ ይሰፋል። ስፌቱ ቀጣዩን እርግዝና መሸከም አለበትና ጥበቡ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ከዚህም የቀለለ አለ። እ.ኤ.አ. በ1982 የጃፓን ሐኪሞች የካንሰር መድኃኒት የሆነውን ሜቶትሬክሴት ለዚሁ ዓይነት እርግዝና ተጠቅመው ተሳካላቸው። ገና በጊዜ ከተደረሰበት መርፌ ብቻውን ሊበቃ ይችላል።

ከፈነዳ በኋላ ግን ካሜራ ፍለጋ ያን ሁሉ ርቀት መሄድ ሕይወት ያስከፍላል። ያኔ ቅርብ ያለው ባለሙያ ሆድ ይክፈት፤ ኢትዮጵያም ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎችን ለወረዳ ሆስፒታሎች ማሠልጠኗ ለዚህ ነው።

መርፌው ሞያሌ ድረስ መምጣት አያቅተውም። ክትትሉ ነው የሚከብደው፦ በ4ኛውና በ7ኛው ቀን የደም ምርመራ፣ ከዚያም የእርግዝናው ሆርሞን እስኪጠፋ በየሳምንቱ። በመካከሉ ሊፈነዳም ይችላል። ከሩቅ የቦረና መንደር ለመጣች እናት ይህ ማለት ለሳምንታት ከከብቶቿና ከልጆቿ ተለይታ መቆየት ነው። ስለዚህ ሐኪሙ መርፌውን ከማዘዙ በፊት፣ «እኅቴ፣ ከተማ ውስጥ የምታርፊበት ዘመድ አለሽ?» ብሎ ይጠይቃት።