የመኪና ዝምታ ምን ይናገራል?
ስለ አሮጌ ኤክስካቫተር የኤሌክትሪክ ሕመም

መንገድ ሲጠረግ ወይም የሕንፃ መሠረት ሲቈፈር ቆም ብለው የተመለከቱ እንደ ሆነ፤ ረጅም ክንዱን እየዘረጋ አፈሩን የሚዝቀውን መኪና ያውቁታል። ኤክስካቫተር ይባላል። አሜሪካዊው ዊሊያም ኦቲስ በእንፋሎት ለሚሠራው የመቈፈሪያ መኪና የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1839 ነበር። በዚያ ዘመን የመኪናውን ደኅንነት የሚጠብቀው የሠራተኛው ዓይንና ጆሮ ነበር። ዛሬ ግን ይህን ሥራ ከኦፕሬተሩ ጋራ የሚካፈሉ ሴንሰር የሚባሉ ትናንሽ ዘበኞች አሉ። አንዱ የሞተሩን የዘይት ግፊት፣ ሌላው የራዲያተሩን ውኃ ሙቀት፣ ሌላው ደግሞ ክንዱን የሚያንቀሳቅሰውን የሃይድሮሊክ ግፊት እየለካ ወሬውን በቀጭን ሽቦ ወደ ኮምፒዩተሩ ይልካል።

«ይህ የመካኒክ ጉዳይ ነው፤ እኔን ምን አገባኝ?» ይሉ ይሆናል። ነገር ግን ዛሬ ተማሪ የሆኑ ነገ መሐንዲስ ይሆናሉ፤ የመንግሥት ሠራተኛ የሆኑም በመሥሪያ ቤትዎ የግዥ ወይም የርክክብ ኮሚቴ ገብተው፤ አሮጌ መኪና ተረክበው እንዲፈርሙ ወይም ለመለዋወጫ የተጠየቀውን ገንዘብ እንዲያጸድቁ ይታዘዙ ይሆናል። ያን ጊዜ አለማወቅ የሚከፈለው ከሕዝብ ገንዘብ ነው።

ዘበኛው የሚናገረው እንዴት ነው?

ብዙዎቹ የግፊት ሴንሰሮች ሦስት ሽቦዎች አሏቸው። በአንደኛው ኮምፒዩተሩ 5 ቮልት ይልካል፤ ሁለተኛው የኮረንቲው መመለሻ ነው፤ በሦስተኛው ሴንሰሩ መልሱን ይሰጣል። ምንም ግፊት በሌለ ጊዜ መልሱ ብዙውን ጊዜ 0.5 ቮልት ያህል ነው፤ ግፊቱ ከመጨረሻው ልክ ሲደርስ ወደ 4.5 ቮልት ይወጣል። ስለ ምን ከዜሮ አይጀምርም? ስለ ምንስ 5 አይሞላም? የጥበቡ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ከታችና ከላይ ያለው ቦታ ሆን ተብሎ ባዶ የተተወ ነው። 0.5 ቮልት «ግፊት የለም» ማለት ነው፤ ዜሮ ወይም ሙሉ 5 ቮልት ግን ደኅና ሴንሰር ከቶ የማይናገረው ቃል ነው። ስለዚህ ወይ ሽቦው ተበጥሷል፣ ወይ ከሌላ ነገር ጋራ ተነካክቷል፣ ወይም ሴንሰሩ ራሱ ሞቷል። «የለም» ብሎ መመለስና ዝም ማለት አንድ አይደሉምና ኮምፒዩተሩ ሁለቱን ይለያቸዋል።

ልዩነቱንም በቁጥር ይጽፈዋል። ኤስ ኤ ኢ የተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር ባወጣው ጄ 1939 በሚባለው ደንብ፤ 100 የሞተር ዘይት ግፊት፣ 110 የማቀዝቀዣው ውኃ ሙቀት ነው። ከኋላ የሚከተለው ቁጥር የሕመሙን ዓይነት ይነግራል። 1 ሲሆን ልኩ የታመነ ሆኖ እጅግ ዝቅ ብሏል ማለት ነው፤ 3 ሲሆን ቮልቱ ከደንቡ በላይ፣ 4 ሲሆን ከደንቡ በታች ነው። እንግዲህ 100-1 እና 100-4 በመጨረሻው አኃዝ ብቻ ቢለያዩም ትርጉማቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። የመጀመሪያው «የዘይቱ ግፊት ወድቋል፤ ሞተሩን አሁኑኑ አጥፉ» ይላል፤ ሁለተኛው «የዘይቱን ነገር ለማወቅ አልቻልሁም፤ መንገዴን መርምሩልኝ» ይላል። የመጀመሪያውን «ሴንሰር ነው» ብሎ የናቀ ሰው ሞተሩን ይገድላል፤ በሁለተኛው የደነገጠ ደግሞ ደኅናውን ሞተር ያለ ጥፋቱ ይፈታል። በሁለተኛውም ቢሆን እውነተኛው ግፊት በሌላ መለኪያ ሳይረጋገጥ መኪናውን ማሠራት አይገባም። አንዳንድ ሠሪዎች የራሳቸውን ቁጥር ስለሚጠቀሙም የመኪናውን መጽሐፍ መመልከት ያስፈልጋል።

ከመግዛት በፊት መለካት

ቁጥሩ የሚከሰው መንገዱን ሁሉ እንጂ ሴንሰሩን ብቻ አይደለም። በአሮጌ መኪና ላይ ደግሞ መንገዱ ብዙ መከራ አይቷል። ንዝረት ሽቦውን ከብረት ጋራ ያፋትገዋል፤ መኪናው በኃይለኛ ውኃ ሲታጠብ እርጥበት ወደ ሶኬቱ ገብቶ መዳቡን አረንጓዴ ዝገት ያለብሰዋል፤ አይጥም የሽቦውን ልባስ ይቈረጥማል። ስለዚህ ብልህ ሠራተኛ አስቀድሞ ባትሪውን፣ ፊውዙንና ሶኬቱን ይመለከታል፤ ከዚያም 5 ቮልቱ እስከ ሶኬቱ መድረሱን በቴስተር ይለካል።

ሁለት ሽቦ ብቻ ላለው የውኃ ሙቀት ሴንሰር ቀላል ፈተና አለ። ቁልፉን አጥፍቶ ሶኬቱን መንቀል፤ ከዚያ ሞተሩን ሳያስነሡ ቁልፉን ማብራት ነው። ኮምፒዩተሩ 110-3 ማለት አለበት። ቀጥሎ የተነቀለውን ሶኬት ሁለት ጫፎች በአጭር ሽቦ ሲያገናኟቸው ወደ 110-4 ሊለወጥ ይገባል። ሁለቱንም በትክክል ካለ መንገዱ ደኅና ነው፤ የሚጠረጠረው ሴንሰሩ ነው። ካላለ ግን አዲስ ሴንሰር መግዛት ገንዘብን ገደል መክተት ነው። በሦስት ሽቦው ሴንሰር ላይ ግን ይህ አይሞከርም።

አምስት ወይም ስድስት ሴንሰሮች በአንድ ቀን ታመሙ ቢባልስ? አይመኑ። ብዙ ሴንሰሮች አንዱን የ5 ቮልት ምንጭ ይጋራሉ፤ አንዱ ሲነካካ የሁሉም ቮልት ይወርዳል። አንድ በአንድ እየነቀሉ ሲለኩ በየትኛው ጊዜ 5 ቮልቱ ከተመለሰ፤ ጥፋተኛው እርሱ ወይም ሽቦው ነው።

ሻጭ የሚደብቀው

አሮጌ ኤክስካቫተር ሊገዙ የሄዱ እንደ ሆነ ሞተሩ ሳይሞቅ ይድረሱ። ቁልፉ ሲበራ የማስጠንቀቂያ መብራቶቹ ለጥቂት ጊዜ በርተው መጥፋት አለባቸው፤ ከቶ የማይበራ ቢኖር አምፑሉ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል። የሙቀቱ መለኪያ በቀዝቃዛ ሞተር ላይ አስቀድሞ መካከል ላይ ቆሞ ካገኙት፤ በሴንሰሩ ቦታ ሁልጊዜ «ደኅና ነኝ» የሚል ሌላ ነገር ተተክቶ እንደ ሆነ ይጠርጥሩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ እዚህ ግን በሽታውን ደብቆ የሚሄደው ሻጩ ሲሆን መድኃኒቱን የሚያጣው ገዢው ነው።

ጌዎርግ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ያሳተመው የኤሌክትሪክ ሕግ ለፈተና ብቻ የሚጠና የሚመስላቸው ተማሪዎች ብዙ ናቸው። ጭቃ በነካው ሶኬት ላይ የሚያገለግለው ግን ያው ሕግ ነው። እንግዲህ «አዲስ ሴንሰር ይገዛልን» የሚል ማመልከቻ ከጠረጴዛዎ ላይ ሲደርስ፤ ከመፈረምዎ በፊት «ሲለካ ቮልቱ ስንት ሆነ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ቁጥር ከሆነ ጉዳዩን ይመልከቱት፤ «ይመስለኛል» ከሆነ ግን ሠራተኛው ቴስተሩን ይዞ ወደ መኪናው ይመለስ።