በሰፈሩት ቁና፤ የአሰላ ገበያ የቀድሞ ልማድና ለዛሬ ነጋዴ ያለው ትምህርት

የአንድ አገር የንግድ ታሪክ በጉምሩክ መዝገብና በባንክ ሒሳብ ብቻ ተጽፎ የሚገኝ አይደለም። የሚበዛው ክፍል ያለው በገበያተኛው ልማድ፣ በመስፈሪያው ዕቃ፣ በባለሱቁ የዱቤ ደብተርና በሽማግሎች ትዝታ ውስጥ ነው። ስለዚህ ከአርሲ ደጋ ጋር የሚነግድ ሁሉ፣ አስመጪም ሆነ ላኪ፣ ባለሱቅም ሆነ እህል ነጋዴ፣ አባቶች በአሰላ ገበያ እንዴት ይሸጡና ይገዙ እንደ ነበር ቢያስታውስ ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም።

አሰላ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ሲኖራት፣ ከጀርባዋ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚረዝመው የጭላሎ ተራራ ቆሟል። በስተ ምዕራብ አገሩ ወደ ዝዋይ ሐይቅ እየዘቀዘቀ ይወርዳል፤ በስተ ደቡብ መንገዱ በሳጉሬ አድርጎ ወደ በቆጂ ይዘልቃል። ደጋው የገብስ፣ የስንዴ፣ የባቄላና የተልባ አገር ነው፤ የከብትና የፈረስም አገር ነው።

የጭነት መኪና ከመለመዱ በፊት የዚህ ደጋ እህልና ቅቤ ወደ ገበያ የሚጓዘው በአህያ፣ በበቅሎና በአጋሰስ ጀርባ፣ አለዚያም በሰው ትከሻ ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ በአዳማ በኩል አልፏልና፣ የአርሲ ነጋዴ ወደ ባሕር የሚያደርሰውን በር ከደጋው ግርጌ አገኘ። ከአሰላ እስከ አዳማ ያለው 75 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ዛሬ በመኪና ተሄዶ በዕለቱ የሚመለሱበት ነው፤ ለጭነት ከብት ግን የቀናት ጉዞ ስለ ነበረ ነጋዴው ስንቁን አሳምሮ መያዝ ነበረበት። ለዚህም የአርሲ እናቶች ከተቆላ ገብስ ዱቄትና ከቅቤ የሚያዘጋጁት ጭኮ የታወቀ ነው። ጭኮ ቶሎ አይበላሽም፤ በመንገድ ላይ እሳት አያስፈልገውም፤ ጥቂቱም ያጠግባል።

በእግር መሄድ ለዚያ አገር ሰው የዕለት ኑሮው እንጂ ጀብዱ አልነበረም። በ1965 ዓ.ም. አሰላ አካባቢ የተወለደው ዝነኛው ሯጭ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ሄዶ ያንኑ ያህል ይመለስ እንደ ነበር ተናግሯል። እናቶችም ወተቱን በጮጮ፣ ቅቤውን በቅጠል ጠቅልለው ገበያ የሚደርሱት እንዲሁ በእግራቸው ነበር።

ገንዘቡም እንደ ጭነቱ ከባድ ነበር። ጠገራ ብር የሚባለው የማሪያ ቴሬዛ ብር እያንዳንዱ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ስለዚህ አንድ ሺሕ ብር ይዞ የሚሄድ ነጋዴ 28 ኪሎ የሚከብድ ብረት ተሸክሞ ነበር ማለት ነው። ብር ተቀባዩም ሐሰተኛ እንዳይደርሰው በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን የዕንቁ ነጠብጣቦች አንድ በአንድ ይቆጥር ነበር። መንግሥት ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱን የወረቀት ብርና ሳንቲም ባወጣ ጊዜ የነጋዴው ሸክም ቀለለ፤ ስሙኒና ዐሥር ሳንቲምም ለትንሹ ገዢ የገበያውን በር ከፈቱለት። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ያ 28 ኪሎ በእጅ ስልክ ውስጥ ገብቶ ምንም አይመዝንም።

ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብ የሚገባው ግን የመስፈሪያው ነገር ነው። እህል የሚሸጠው በቁናና በዳውላ ሲሆን፣ የቁናው ልክ ከአገር አገር፣ አንዳንድ ጊዜም ከባለቤት ባለቤት ይለያይ ነበር። ተቆልሎ የተሰፈረና አፉ በእጅ ተጠርጎ የተሰፈረ ቁናም አንድ አይደሉም። አቡጀዲ በክንድ ይለካ ስለ ነበር ገዢው ክንደ ረጅሙን ባለሱቅ ቢመርጥ አይፈረድበትም። ይህን ሁሉ ልዩነት ያስታርቅ የነበረው ምርቃት ነው። ሻጩ ሰፍሮ ከጨረሰ በኋላ በእጁ ዘግኖ የሚጨምረው ያ ጥቂት እህል፣ በስሙም እንደሚታወቀው፣ ጭማሪ ብቻ ሳይሆን ቡራኬ ነበር። «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» የሚለው ተረት የዚያ ገበያ ሕግ ነው፤ ዛሬ ሻጭ የሆነ ሰው ነገ ገዢ ሆኖ በዚያው ሰው ፊት መቆሙ አይቀርምና።

የባለሱቁም መደርደሪያ የራሱ ትዝታ አለው። ጨው፣ አቡጀዲ፣ ክብሪት፣ ሳሙና፣ ለኩራዝና ለፋኖስ የሚሆን ላምባ በየፈርጁ ይታይ ነበር። ስኳር ከውጭ አገር ብቻ ይመጣ የነበረው በ1946 ዓ.ም. ከአርሲ ደጋ በታች በአዋሽ ዳር የወንጂ ፋብሪካ እስኪከፈት ድረስ ነው። ገበሬው እህሉ እስኪደርስ የሚያስፈልገውን በዱቤ ይወስዳል፤ ባለሱቁ በደብተሩ ይጽፋል፤ ሒሳቡም በመኸር ይዘጋል። ዋስትናው ወረቀቱ ሳይሆን ስም ነበር። ስሙን ያጠፋ ሰው አንድ ሱቅ ብቻ ሳይሆን ገበያው በሙሉ ይዘጋበታል።

በ1955 ዓ.ም. ገደማ የሚዛንና የመለኪያ አዋጅ ወጥቶ ኪሎና ሜትር ሕጋዊ መለኪያ ሆኑ። ይሁን እንጂ አዋጅ ብቻውን ቁናን ከገበያ አያስወጣም። በአርሲ ደጋ ትልቁን ለውጥ ያመጣው በ1960 ዓ.ም. ዋዜማ በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት አሰላ ላይ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ካዱ ነው። ካዱ የተሻሻለ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ለገበሬው አደለ፤ የወተት መሰብሰቢያ ጣቢያ ከፈተ፤ የተዳቀሉ የወተት ላሞችን አስለመደ፤ እህልንም በሚዛን ገዛ። ገበሬው የምርቱን ክብደት በኪሎ ማወቅ ሲጀምር፣ ነጋዴውም በቁና ልዩነት ማትረፉን ትቶ በሥራ ቅልጥፍና ማትረፍን መማር ግድ ሆነበት።

ትዝታ ግን መራራውን ትቶ ጣፋጩን ብቻ ሊነግረን አይገባም። በዚያ ዘመን ብዙው የአርሲ ገበሬ ጭሰኛ ነበር፤ ካመረተው እርቦ፣ ሲሶ፣ አንዳንዱም እኩሌታውን ለባለመሬቱ ይከፍል ነበር። ስንዴ ትርፍ ማስገኘቱ በታየ ጊዜ ከባለመሬቶቹ አንዳንዶቹ ትራክተር አስመጥተው ጭሰኛውን አስነሡት። ስለዚህ በሚዛን የተመዘነው ያ ብዙ ስንዴ ለአንዱ ሀብት ሲሆን ለሌላው ስደት ሆነ። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ባስቀረ ጊዜ በዚህ ደጋ በደስታ የተቀበሉት ብዙዎች የነበሩት በዚህ ምክንያት ነው። የቀድሞውን ዘመን የሚያወድስ ነጋዴ የምርቃቱን ዝግን ሲያስታውስ፣ ጎተራው ሳይሞላ ግማሹ ይወሰድበት የነበረውን ሰውም አብሮ ማስታወስ ይገባዋል።

ዛሬ የአርሲ ደጋ ገብስ የሚሄደው ወደ ጭኮና ወደ ገንፎ ብቻ አይደለም። በ1970ዎቹ ዓመታት የተቋቋመው የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ገብሱን ለቢራ ጠማቂዎች የሚሆን ብቅል ያደርገዋል። ለብቅል የሚፈለግ ገብስ ንጹሕ፣ ያልተደባለቀ፣ በሚገባ የደረቀና ሲዘራ የሚበቅል መሆን አለበት። ኪሎ ለማብዛት እርጥብ እህል ወይም ልዩ ልዩ ዘር የሚቀላቅል ሰው ገዢውን ብቻ ሳይሆን የአካባቢውን ገበሬ ሁሉ ስም ይጎዳል።

ቁናው በሚዛን፣ ጠገራው በስልክ ገንዘብ መተካቱ መልካም ነው፤ ወደ ኋላ መመለስም አያስፈልግም። ሚዛን ግን የእህሉን ክብደት ይናገራል እንጂ የመዛኙን ሕሊና አይናገርም። የአሰላ ገበያ ለልጆቹ ካወረሰው ሀብት የማይዝገው በስም መታመን ነው። ነጋዴዎቻችን አዲሱን መለኪያ ከአሮጌው ታማኝነት ጋር አጣምረው ቢይዙ ገበሬው እህሉን ይዞ ይመጣል፤ የሩቁም ገዢ ተመልሶ ይጠይቃል፤ የደጋው ስምም በየገበያው ይከበራል።